ብረት የተነፈጉ ባክቴሪያዎችና የእኔ ሽቦ

ዕቃ ማጠብ የተማርኩት ቦሌ፣ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ድስት ፈትጌበታለሁ። ዋናው ወጥ ሠሪ ያጠብኩትን ድስት ወደ መስኮቱ ያነሣና ፊቱን ይፈልግበታል። ፊቱ ካልታየው መልሶ ገንዳው ውስጥ ይለቀዋል፤ የሳሙናው ውሃ እላዬ ላይ ይረጫል፤ ወጥ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። መጀመሪያ መጀመሪያ አለቅስ ነበር፣ በኋላ እልህ ያዘኝ። የድስት ሽቦዬን አጥብቄ ይዤ፣ የሰውየው ፂም አንድ በአንድ እስኪቆጠር ድረስ አበራለት ጀመር። ለእኔ እንግዲህ ንጹሕ ማለት ያ ነው፤ በሽቦ የታሸ።

ይህን አስቀድሜ የማወራችሁ በኋላ ለሠራሁት ጥፋት ሰበብ ልፈልግ ብዬ አይደለም። ነገሩ ከየት እንደመጣ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ሆቴሉ ሲዘጋ፣ የካ አባዶ እኛ ብሎክ የምትኖር አንዲት ሴት ኢምፔሪያል አካባቢ ዕቃ አጣቢ የሚፈልግ ላቦራቶሪ እንዳለ ነገረችኝ። ሕንፃው ሥር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባክቴሪያ ያሳድጋሉ። የመጀመሪያ ቀን ይህን ሲያስረዱኝ «ሰው ባክቴሪያ ለመግደል ይደክማል፣ እናንተ ታሳድጋላችሁ?» አልኳቸው። ሳቁ። የእነዚህኞቹ ሳቅ ውሃ አይረጭም ነበርና ደስ አለኝ።

ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ነው። ግን መስማት እወዳለሁ፤ የሰማሁትን ደግሞ ለሌላ ካላወራሁት አያድርልኝም። መገናኛ አስፋልት ዳር አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ ሽፋን የሌለው የአሥራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ ገዛሁና ጠዋት ጠዋት ታክሲ ውስጥ ማንበብ ጀመርኩ። ከየካ አባዶ መገናኛ መንገዱ ከተዘጋጋ አንድ ምዕራፍ ያስጨርሳል። ረዳቱ ያውቀኛል፤ «ማዘር፣ ማትሪክ መቼ ነው?» ይለኛል። «አንተ የምትፈተን ቀን። ጎንህ እቀመጣለሁ፣ ትኮርጃለህ» እለዋለሁ። እንደዚያ እንደዚያ እያልኩ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚወራውን ግማሹን መረዳት ቻልኩ። ግማሹን። ግማሽ ማወቅ ምን እንደሚያደርግ እነግራችኋለሁ።

አንዲት ተማሪ ልጅ ላቦራቶሪያችን የመጣችው በሁለተኛው ዓመቴ ነው። የወለጋ ልጅ ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ገርጂ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ያገሯ ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዲግሪ እንድትሠራ ልኳት ነው፤ የመመረቂያ ሙከራዋን የምትሠራው እኛ ጋ ነው። ዲግሪውን ይዛ ከተመለሰች እዚያ አስተማሪ ትሆናለች፤ ካልያዘች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ጊዜዋ አንዴ ተራዝሞላታል። «ሰኔ ላይ ካልጨረስኩ አበቃልኝ እትዬ» አለችኝ፣ ገና በተዋወቅን በሳምንቱ። አነጋገሯ የቀልድ ነበር፤ ዓይኗ ግን አብሮ አልቀለደም።

ጴንጤ ናት። ብልቃጦቿን ስታሰናዳ ለራሷ መዝሙር ታንጎራጉራለች። «ለባክቴሪያም ይዘመራል?» ስላት «እነሱም ፍጥረት አይደሉ እንዴ? ይልቅ እርስዎ በጾሙ ይበርቱ፤ ትናንት ወተት ሲያዩ አይቼዎታለሁ» ትለኛለች። ምሳ አብረን ነበር የምንበላው፤ እኔ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል፣ በር አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ።

ምን እንደምታጠና የነገረችኝ እዚያች አግዳሚ ላይ ነው። እንደ ተረት አድርጋ ነው የነገረችኝ፣ ስለዚህ አልረሳውም።

«እትዬ፣ ባክቴሪያ ውስጥ አንድ ኢንዛይም አለ።»

ኢንዛይም ምን እንደሆነ ከመጽሐፌ አውቅ ነበር፤ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ ጥቃቅን ሠራተኛ ነው።

«ይሄኛው ባክቴሪያዋ ከምትበላው ስኳር ጉልበት በሚወጣበት መስመር ላይ ነው የሚሠራው። ሥራውን የሚሠራው ግን ውስጡ ብረት ካለው ነው፤ ትንሽዬ ብረት። አካባቢው ላይ ብረት ሲጠፋ ያቺ ከውስጡ ትወልቃለች።»

«ከዚያ ሥራ ፈታ በይኛ።»

«እሱ ነው ነገሩ! አይፈታም። ሄዶ አርኤንኤ ይይዛል።»

አርኤንኤን እንዲህ አስረዳችኝ። ከዋናው መዝገብ ላይ ተገልብጦ ለሠራተኞቹ የሚላክ ትእዛዝ ነው፤ ብጣሽ ወረቀት በሉት። ባክቴሪያ ውስጥ ያ ወረቀት ዕድሜ የለውም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተቀዳዶ ያልቃል። ብረቱን ያጣው ኢንዛይም ሄዶ አንዳንዱን ወረቀት ጭብጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ለችግር ጊዜ የሚያስፈልገው ትእዛዝ ቶሎ እንዳይቀደድ። ይህ በሌሎች ባክቴሪያዎች ታይቷል። ልጅቷ የያዘቻት ባክቴሪያ ግን ከዚሁ ከከተማችን ወንዝ ውሃ የተገኘች ናት፤ እሷም እንዲህ ታደርግ እንደሆነ ማንም አላየም። የልጅቷ ዲግሪ ያረፈው በዚያች ጥያቄ ላይ ነበር።

«ያው እኔ ነኛ» አልኳት። «ሆቴሉ ሲዘጋ ድስቱን አጣሁ፣ መጥቼ የእናንተን ብልቃጥ ጨበጥኩ።»

ሳቋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። «ኧረ እትዬ! መመረቂያዬ ላይ ልጻፈው?»

ሙከራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ባክቴሪያዎቹን ብረት በሌለበት ፈሳሽ ማሳደግ፣ ኢንዛይሙን ለይቶ በሚይዝ ጥቃቅን እንክብል ኢንዛይሙን ጎትቶ ማውጣት፣ ከዚያ አርኤንኤ ይዞ እንደሆነ ማየት። ከያዘ አርኤንኤው በሚፈተሽበት ዝልግልግ ነገር፣ ጄል በሚሉት ላይ፣ ብሩህ መስመር ይታያል። ካልያዘ ጨለማ ነው።

ብረት እንዳይኖር ደግሞ ዕቃው ራሱ ከብረት መጽዳት አለበት። ፍላስኮቹ፣ እነዚያ ሆዳቸው ሰፊ አንገታቸው ጠባብ የሆኑት ብልቃጦች፣ አሲድ ውስጥ ያድራሉ፤ ጠዋት በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃሉ። «ከዚያ በኋላ ምንም እንዳይነካቸው» አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ፤ ጓንት አደረግሁ። እጄን ያለችኝ ነበር የመሰለኝ።

ታዲያ ፍላስኩ ከአሲድ ሲወጣ አንገቱ ሥር፣ ፈሳሹ ይደርስበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ቡናማ ክብ ይቀርበታል። ቀጭን ነው፣ ሌላ ሰው አያየውም። እኔ አየዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፊት የሚፈለግበት ድስት ያጠበ ሰው ያንን ክብ ትቶ ማለፍ አይችልም። የብልቃጡ ብሩሽ ደግሞ ጸጉሩ ተመልጦ አልቋል፤ አዲስ እንዲገዛ ጠይቄ ይመጣል እንደተባለ ነው። ስለዚህ ከቤቴ የድስት ሽቦ አመጣሁ፣ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ አሰርኩት፣ ክቡን እሽት እሽት አድርጌ አስለቀቅሁት። ከዚያ በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁ፣ እንደታዘዝኩት። መደርደሪያው ላይ ሲያንጸባርቁ ብታዩዋቸው! ልጅቷም አይታ «የእርስዎ ዕቃ እኮ ጌጥ ነው» አለችኝ። ያን ቀን ቤቴ እየዘፈንኩ ነው የገባሁት።

የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ያደጉት ጥቅምት ላይ ነው። ፍላስኮቹ ከሚያወዛውዛቸው ማሽን ሲወጡ እንደ አጃ ሾርባ ደፍርሰዋል። እኔ ደስ አለኝ።

«ልጆችሽ ወፈሩልሽ!» አልኳት።

ፍላስኩን ወደ መስኮቱ አነሣችው፣ ልክ እንደዚያ ወጥ ሠሪ። አልሳቀችም። «መክሳት ነበረባቸው እኮ» አለች። ብረት የተነፈገች ባክቴሪያ በደንብ አትበዛም፤ ፈሳሹ ስስ ይሆናል፣ ከጀርባው ጣት ቢያስቀምጡ ይታያል። የእሷ ፍላስክ ውስጥ ጣት ቀርቶ መስኮቱም አይታይም።

ያም ሆኖ እስከመጨረሻው ሠራችው። ጄሉ ጨለማ ነበር። አልያዘም።

ፈሳሹን ያዘጋጀችበትን የጨው ዱቄት ጥላ ሌላ አስመጣች። አልያዘም። ውሃ የሚያጣራውን ማሽን ማጣሪያ አስቀየረች። አልያዘም። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አንድ ዙር ተበላሸባት፤ እንደገና ጀመረች፤ አልያዘም። ጥር አለፈ፣ መጋቢት አለፈ። መዝሙሩ መቼ እንደቆመ አላስታውስም፤ አንድ ቀን ዕቃ እያጠብኩ ጸጥታው ገርሞኝ ቀና ስል ነው ያወቅሁት። ምሳዋን ግማሹን ለእኔ ትተዋለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ይንሸራተት ጀመር። እኔም ሞኟ ላስቃት ብዬ «ባክቴሪያዎቹ ይወፍራሉ፣ አንቺ ትከሺያለሽ፤ የማን ምግብ ነው የተቀየረው?» እላታለሁ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ዕቃ ማጠቢያው በር ላይ ቆመች። ገብታ አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ፍላስኮቹን እንዳልኩዎት ነው አይደል የሚያጥቧቸው?»

ደሜ ፈላ። «ወይ አንቺ ልጅ! ከዚህ ሁሉ ዱቄት፣ ከዚህ ሁሉ ማሽን፣ የእኔን ዕቃ ጠረጠርሽ? አሲድ አሳድሬ፣ ሦስት ጊዜ ለቅልቄ፣ ጓንት አድርጌ!»

መጥታ እጄን ያዘችኝ፤ እርጥቡን እጄን። «ይቅርታ እትዬ። ያልጠረጠርኩት ነገር ስለሌለ ነው። ራሴን አሞኛል መሰለኝ።»

ሽቦው ያን ጊዜ ከጀርባዬ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ነበር። አልደበቅሁትም፤ የሚደበቅ ነገር መሆኑን አላወቅሁማ። ዞር ብል፣ ወይ እሷ አንድ እርምጃ ብትገባ ኖሮ ይታያት ነበር። ይህን ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

የመጨረሻው ዙር ግንቦት ላይ ተሠራ። ኢንዛይሙን የሚጎትተው እንክብል ከውጭ አገር የሚመጣ ነው፤ ያለውን አሟጣ ተጠቀመችበት፣ ሌላ የለም። ጄሉ ጨለማ ነበር። የሚቀጥለው ሐሙስ የዩኒቨርሲቲው ገምጋሚዎች ፊት ቀርባ ለምን እንዳልሆነ ማስረዳት አለባት። አሳማኝ ምክንያት ካላት አንድ ተጨማሪ ጊዜ ሊሰጧት ይችላሉ፤ ከሌላት ከፕሮግራሙ ትወጣለች። ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር።

ከዚያ ሐሙስ በፊት ያለው ሰኞ ነው። ጠዋት ገብቼ የዕቃ ማጠቢያውን መብራት አበራሁ። ዓርብ ስወጣ ሽቦዬን እርጥቡን፣ ነጭ የፕላስቲክ ትሪ ላይ ጥዬው ሄጄ ኖሯል። ሳነሣው ከሥሩ ብርቱካንማ ክብ ተዘርግቷል። ዝገት።

ሽቦ እንደሚዝግ ማን አያውቅም? ሕይወቴን ሙሉ ያየሁት ነገር ነው። ግን ያን ጠዋት ብቻ የአግዳሚዋ ተረት ከትሪው ጋር ገጠመልኝ። ዝገት ብረት ነው። ሽቦው ብረት ነው። የእኔ ሽቦ የገባበት ፍላስክ ሁሉ ብረት ገብቶበታል፤ ብረት ያጣል የተባለው ኢንዛይም ለካ አጥቶ አያውቅም፤ ያው የለመደ ሥራው ላይ ተደላድሎ ነበር። አርኤንኤውን ለምን ይይዛል? ጠግቧል። ያጠገብኩት እኔ ነኝ።

መደርደሪያው ላይ አንድ ፍላስክ አንሥቼ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። አንገቱ ሥር፣ ክቡን ያስለቀቅሁበት ቦታ ላይ፣ መስታወቱ ጭረት በጭረት ሆኗል። ጭረቶቹ ውስጥ ምን እንደተቀመጠ ማየት አልቻልኩም፤ ማየትም አላስፈለገኝም።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሽቦውን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ትሪውን አጠብኩ።

ሰኞ ልነግራት ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄድኩ። ኮምፒውተሯ ላይ ለሐሙስ የምታቀርበውን ትጽፋለች። ማክሰኞ «እትዬ፣ ይጸልዩልኝ» አለችኝ፤ እሺ አልኳት። ረቡዕ ታክሲ ውስጥ መጽሐፌን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አንድ መስመር ሳላነብ መገናኛ ደረስኩ። የልጄ ያልተከፈለ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላት ዕቃ አጣቢ ሌላ ማን ይቀጥራል፤ በጭንቅላቴ የሚዞረው ይህ ነበር። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ከሥራ መባረሩ ብቻ አይደለም። «የእርስዎ ዕቃ ጌጥ ነው» ያለችኝን ቃል ማጣት አልፈለግሁም። አሥራ አንድ ዓመት ውሃ ተረጭቼ ያገኘሁት ቃል ነው።

ሐሙስ ሄደች። ከሰዓት ስትመለስ ደረጃው ላይ ሰማኋት፤ ዶክተሩ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ አብሯት ነበር። ዓርብ ጠረጴዛዋን ማጽዳት ጀመረች።

ሰኞ ሽቦውን ከቦርሳዬ አወጣሁና ሄድኩ። መጻሕፍቷን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነው።

«ልጄ፣ የምነግርሽ አለ። ፍላስኮቹን ከአሲድ ሳወጣ በዚህ አሽቻቸዋለሁ።»

«በምን?»

«በዚህ። በሽቦ።»

ከእጄ ተቀበለችኝ። አገላብጣ አየችው፣ ጣቷን ጫፉ ላይ አሻሸችው፣ ጣቷን አየች። ሁሉ ነገር በአንዴ እንደገባት ከትንፋሿ አወቅሁ። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ነው ሰኞ።»

«ያለፈው ሰኞ።»

በጣቷ ቆጠረች። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ሐሙስ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ሐሙስ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ምክንያቱ ምን ይመስልሻል አሉኝ። ሦስት ጊዜ አላውቅም አልኳቸው። ‹ምን እንደማላውቅ እንኳ አላውቅም› ብዬ አለቀስኩባቸው።»

«እንጀራዬን ፈርቼ ነው ልጄ።»

«የእኔም እንጀራ ነበር እኮ እትዬ።»

ዶክተሩ ዘንድ አብረን ገባን። እኔው በአፌ ነገርኩት። ለገምጋሚዎቹ ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ የሙከራው ዕቃ በብረት ተበክሎ እንደነበር፣ ምክንያቱ አሁን መታወቁን። ከሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ ውሳኔው ተመዝግቧል፣ አይከፈትም። እኔን አላባረረኝም። «የብልቃጥ ብሩሽ ስንት ጊዜ ጠይቀው ነበር?» አለኝ። «አራት ጊዜ» አልኩት። አንገቱን ደፋ። በማግሥቱ ስድስት ብሩሽ መጣ።

ልጅቷ አገሯ አልተመለሰችም። ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል። እዚያው ገርጂ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ደም መቅዳት ጀመረች። ስልኳን አልቀየረችም። በበዓል እደውልላታለሁ፤ «ደህና ነኝ እትዬ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» ትለኛለች። ድምፅዋ ጨዋ ነው። አንዴም አልሰደበችኝም፤ አንዴም ደግሞ ራሷ አልደወለችልኝም።

በዓመቱ እንክብሉ ከውጭ መጣ። ዶክተሩ ጥያቄውን ለሌላ ተማሪ ሰጠው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰላምታው ላይ ይበረታል። ጭረት ያለባቸው ፍላስኮች ተጥለው አዳዲስ ተገዙ፤ ተማሪው አንድ ዙር ሲለማመድባቸው እነሱም ክቡን አወጡ። አሲድ አሳደርኩ፣ ሦስት ጊዜ ለቀለቅሁ፣ ክቡን እዚያው እያለ ትቼ መደርደሪያው ላይ ደፋኋቸው። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ነው የተቀመጥኩት ብላችሁ አትመኑኝም።

ባክቴሪያዎቹ ሲወጡ ከስተው ነበር። ፍላስኩን አንሥቼ ጣቴን ከጀርባው አስቀመጥኩ። ጥፍሬ፣ የጥፍሬ ሥር ቆሻሻ ሳይቀር፣ ታየኝ።

ከአራት ቀን በኋላ ተማሪው ጄሉ ፎቶ ከሚነሣበት ጨለማ ክፍል እየሮጠ ወጣ። «ያዘ! ዶክተር፣ ያዘ!» ዶክተሩ ፎቶውን ተቀብሎ አየ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። ተማሪው ለምን እንደማንደሰት ግራ ገብቶት መሀላችን ቆመ።

ዕቃ ማጠቢያው ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አግዳሚዋ ላይ ተቀምጬ ደወልኩላት።

«እትዬ? በሰላም ነው?»

«ያዘ» አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣልኝም።

ከጀርባዋ የክሊኒኩ ጫጫታ ይሰማኛል፤ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንድ ሰው ቁጥር ይጠራል።

«ፈሳሹ ስስ ነበር?» አለች።

«ስስ ነበር። ጣቴ ከማዶ ታየኝ።»

«መስመሩስ? ደማቅ ነው?»

«ደማቅ ነው ልጄ። አንቺ እንዳልሽው ነው። እንደነገርሽኝ ነው።»

ትንፋሿን እሰማዋለሁ። ልትዘምር ትንፋሽ ስትስብ የነበረው ዓይነት ነው፤ መዝሙር ግን አልተከተለውም።

«እሺ እትዬ» አለች በመጨረሻ። «ሰው ወንበሩ ላይ ክንዱን ዘርግቶ እየጠበቀኝ ነው።»

ዘጋችው። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ጓንቴን አደረግሁ። ገንዳው ውስጥ የተማሪው ፍላስኮች ነበሩ።